ካልጋሪ ላይ የገባሁበት ቅርጫ

ከካናዳ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ተራራው ይጠይቀኛል። ካልጋሪ አጠገብ ሰው ከዓለም ዙሪያ እየመጣ የሚያየው ተራራ አለ፤ እውነት ነው። እኔ ግን ያየሁት ሰማዩ በጠራ ቀን ከወንድሜ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ከሩቅ ነው። ወንድሜ ሊወስደኝ ቀን ቆርጦ፣ ቤንዚን ሞልቶ ነበር። ያንን ቀን የት እንዳዋልነው ስነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ዕድሜዬን በቄራ ሥጋ ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ስወጣ ነጭ ካፖርቴን አጥቤ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁና ከእንግዲህ የበሬ ልብ ላልሰነጥቅ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌ ካልጋሪ ሲደርስ ፈረሰ።

ማክሰኞ

የተነሳሁት ጳጉሜ ገብታ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ለወንድሜ ሚስት ደግሞ አንድ ነጠላ አለ። ልወጣ ስል ጎረቤቴ አልማዝ በፌስታል የተጠቀለለ ቋንጣ ይዛ መጣች። ካልጋሪ ላለች ልጇ እንዳደርስላት ነው። ሥጋ ይዤ ድንበር አልሻገርም አልኳት። አንዲት ጭብጥ ቋንጣ ምን ታመጣለች ብላ ተከራከረች። ኧረ አይሆንም፣ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠፋሽ ወይ አልኳት። ተኮሳትራ ይዛው ሄደች። ትንሽ ቆይታ ግን ሻንጣሽን ልዝጋልሽ ብላ ተመለሰችና ዘጋግታልኝ፣ ተቃቅፈን ተሰነባበትን። ይህችን ደግነቷን ልብ በሉልኝ።

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ስቀይር፣ በራሱ የሚሄደው ወለል መጨረሻው ላይ የነጠላዬን ጫፍ ሊውጠው ሲል አንዲት የማላውቃት ሴት ጎትታ አስጣለችኝ። እኛ አገር ቢሆን ከዚያ በኋላ የማን ልጅ ነሽ ተባብለን ሻይ እንጠጣ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ ሮጠች፤ በረራ ነበረባት።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ የአውሮፕላኑን ዶሮ መልሼ ዳቦና ሰላጣ ስበላ ነው ካልጋሪ የደረስኩት። መግቢያው ላይ ማሽኑ ሥጋ ይዘሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሥጋ! ደረቴን ነፍቼ «አልያዝኩም» የሚለውን ነካሁት።

ሻንጣዬን አንስቼ ልወጣ ስል አንድ ቡናማ ውሻ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። አይጮህ፣ አይነክስ፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ከውሻው ጋር ያለችው መኮንን ሻንጣውን እንድከፍት በትሕትና ጠየቀችኝ። ሽሮው ተከፈተ። ከሽሮው መሀል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የአልማዝ ቋንጣ ወጣ።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለችኝ የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ የኔ አይደለም፣ ጎረቤቴ ናት፣ እኔ ራሴ ሥጋ መርማሪ ነበርኩ እያልኩ ለፈለፍኩ። ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። መኮንኗ ግን እስክጨርስ ሰማችኝ፣ ቋንጣውን ወሰደች፣ ሁለተኛ ሻንጣሽን ሰው አይዝጋልሽ ብላ አስጠንቅቃ ለቀቀችኝ። ለውሻው ቁራሽ ምግብ ሲሰጡት አየሁና አልቀናሁበትም። የቄራ ባልደረቦቼን ያህል አከበርኩት።

ወንድሜ ጌታሁን ይህን ስነግረው መኪናውን ዳር አስይዞ ነው የሳቀው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሚስቱ ሰናይት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። የሚኖሩት ዶቨር የሚባል ሰፈር ነው። ቤቶቹ ትንንሾችና ያረጁ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ዛፍና ሣር አለው። አጥሩ የጎረቤት ሽሮ ምን ላይ እንደደረሰ ያሳያል። እኛ አገር ድንጋይ አጥር ላይ ጠርሙስ ሰባብረን እንሰካለን። እዚህ ወገቤ የሚደርስ ጣውላ ነው፤ ማንም ግን አይዘለውም።

ሐሙስ

ሳቫና ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ለቅርጫ ስብሰባ ሄድን። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጌታሁን ተሳስቶ የአንድ ሕንዳዊ ቤት በር አንኳኳ። ሰውዬው ሳይገረም ሦስተኛው ቤት ነው ብሎ አሳየን፤ ለካ ሐበሻ ሁሉ እሱ ቤት ነው የሚያንኳኳው።

ባለቤቱ ጋሼ ተፈራ የሚባሉ፣ በቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቅርጫውን በየበዓሉ የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። እንቁጣጣሽ እሑድ ስለሚውል በሬው የሚታረደው ቅዳሜ ነው። በሬውን የሚሸጥላቸው በላይ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱን የሚሰብር፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ። ለዓመታት በሥጋ ፋብሪካ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ቸስተርሚር ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወዲያ ካለ እርሻ ጥግ ተከራይቶ ከብት ማርባት ጀምሯል። ያጠራቀመውን ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያፈሰሰው። ሰናይት በጆሮዬ እንደነገረችኝ ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከብቶቹ ካደጉለት ነው የሚያመጣቸው።

ሕጉን እሱ አስረዳኝ። በሬውን በቁሙ የገዛ ሰው እርሻው ላይ አርዶ ለቤቱ መውሰድ ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም። መርማሪ አይመጣም። እኔ ታዲያ ማን ያየዋል ብዬ ጠየቅሁ። በላይ በፈገግታ አየኝ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ዶንት ዎሪ። የካናዳ በሬ ክሊን ነው። ኮሶ እዚህ የለም፣ ጥሬውን እንደ ልብዎ ይበላሉ።»

ስብሰባው ያተኮረው ሌላ ጉዳይ ላይ ነበር። የእርሻው ባለቤት ዳግ የሚባል ፈረንጅ በዚያው መጋዘን አሳማ ያርዳል። ጋሼ ተፈራ ይህን የሰሙት ሰሞኑን ነው፤ ሰማይ ምድሩ ዞሮባቸዋል። አሳማ የተሰቀለበት መንጠቆ ላይ በሬያችን ሊሰቀል ነው ወይ? ብዙ ተወራ። በመጨረሻ አዲስ መንጠቆ እንዲገዛ፣ ወለሉ በፈላ ውኃና በበረኪና ሦስቴ እንዲታጠብ፣ ከዚያም ጸበል እንዲረጭበት ተስማሙ። እኔን ደግሞ፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽና ነገ ሄደሽ ቦታውን እይልን አሉኝ። ለእንግዳ እንዲህ ያለ መስተንግዶ የት ይገኛል።

ዓርብ

ጌታሁን ሺፍት ስለነበረው በላይ ከዶቨር ወሰደኝ። ቸስተርሚርን አለፍን፤ ሐይቅ ዳር የተኮለኮሉ አዳዲስ ቤቶች ናቸው፣ ሰው ግን መንገድ ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ ሜዳ ብቻ ነው። ስንዴው ታጭዶ መሬቱ ወርቃማ ሆኗል። የሱሉልታን ሜዳ ብትዘረጉት፣ ብትዘረጉት፣ ይህን አይሞላውም።

ዳግ ወገቡ የጎበጠ ረጅም ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሊንዳ አጭርና ፈጣን ናት። ምሳ ካልበላችሁ አሉን። ዳግ ምድጃ ውስጥ የራሱን የአሳማ ሥጋ እየጠበሰ ነበር፤ ሊንዳ ግን አሳማ እንደማንበላ አውቃ በሌላ ድስት እንቁላል አዘጋጅታለች። ዓርብ ጾም መሆኑን በላይ በአፍረት ሲነግራት እንቁላሉን አነሳች። ድንቹ ላይ ቅቤ ነበረው፤ ቅቤም አይበላም ስትባል ሌላ ድንች ልትቀቅል ተነሳች። በመጨረሻ የቀረበልኝ ድንች፣ በቆሎና ጨው ነው። ሁለት ጊዜ ሳህን ያስነሳቻት እንግዳ ላይ ፊቷ አልተቀየረም። እኔ ብሆን በሆዴ አንድ ሁለት ቃል እል ነበር።

ዳግ ሥጋውን ከምድጃ አውጥቶ መሀሉ ላይ ሹል ብረት ሰካበት። የሙቀት መለኪያ ነው። ቁጥሩ የሚፈልገው ላይ ስላልደረሰ መልሶ ከተተው። ለዚያውም ራሱ ያሳደገው፣ ራሱ ያረደው አሳማ ነው! ሙያዬን ነገርኩትና እንዴት እንደሚያርድ ጠየቅሁት፤ ደስ ብሎት ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ።

አሳማ ስንት ጣጣ እንዳለው እናንተ ላታውቁ ትችላላችሁ። አይጥና ጥንብ ከበላ ጡንቻው ውስጥ በዓይን የማይታይ ትል ይይዛል። የሰው ዓይነ ምድር ካገኘ ደግሞ የራሱን ኮሶ ይይዛል፤ የዚያ ኮሶ እንቁላል ሰው ሆድ ከገባ እስከ አንጎል ይወጣል። በየአገሩ በየጓሮው የሚታረድ አሳማ ያሳመመው ሰው ብዙ ነው። ዳግ ይህን ሁሉ ያውቃል። አሳማዎቹ ሲሚንቶ ላይ ናቸው፤ ጥሬ ትራፊ አይሰጣቸውም፤ የአይጥ ወጥመድ በየጥጉ አለ። አንጀትና ጨጓራውን ክዳን ባለው በርሜል ለብቻው ያወጣል። ለቆዳው አንድ ቢላዋ፣ ለሥጋው ሌላ። ቧንቧውና ሳሙናው ከበሩ ጎን ነው። እንከን ላገኝ ዞሬ ዞሬ አጣሁ። አሳማ አርዶ ሲጨርስ ወለሉን የሚያጥበው ጋሼ ተፈራ ካዘዙት የባሰ ነው።

የበላይ ከብቶች ከወዲያ ማዶ ናቸው። በመሀል ትልቅ የድርቆሽ ክምር አለ፤ የዳግ ላሞችም፣ የበላይ ከብቶችም ከዚያው ይበላሉ። በላይ እያንዳንዱን በሬ በስም ይጠራል። ግንባራቸውን ሲያክላቸው ያን ሁሉ አንገት መስበር ይረሳውና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደስ አለኝ፤ ለልጆቹ ደረሰላቸው አልኩ በልቤ።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር ነው። ያ ሁሉ ድንችና ውኃ ሽንቴን አምጥቶብኛል። ሊንዳ በራቸው እንደማይቆለፍ፣ ደስ ያለኝን እንድጠቀም ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን በመጀመሪያ ቀኔ ከሰው ቤት ሽንት ቤት ልጠይቅ? ጫማዬ ጭቃ፣ ምንጣፉ ነጭ። ይሉኝታ ያዘኝ። አይ፣ ደህና ነኝ ብዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ቸስተርሚር ነዳጅ ማደያ እስክንደርስ የጸለይኩትን ጸሎት እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። በላይ ምን እንደሆንኩ ገብቶት በፍጥነት ነዳ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገረም። እሱም ይሉኝታ።

ቅዳሜ

ወለሉ ሦስቴ ታጠበ። ጸበሉም ተረጨ። ጋሼ ተፈራ በስመ አብ ብለው አስጀመሩና በሬው ተጣለ። ወንዶቹ ከሥጋ ፋብሪካ የወጡ ስለሆኑ ሲገፍፉ፣ ሲበልቱ ያስደስታሉ። መደብ ከመመደቡ በፊት ሚጥሚጣና አዋዜው በሰሃን ወጣ፤ ሞረድ ላይ ቢላዋ ይፏጫል። ሁሉም የጥሬ ሥጋ አምሮቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

እኔ ጭንቅላቱንና ልቡን ስጡኝ አልኩ። ሳቁ። ጌታሁን አፍሮ፣ እህቴ ካላየች አይሆንላትም፣ ተዉላት አለ። መንጋጋውን ሰነጠቅሁት፤ ንጹሕ ነው። ምላሱን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። በላይ አላልኩዎትም ብሎ ቀለደ። ልቡን ሰነጠቅሁት።

የስንዴ ፍሬ የምታህል ውኃ የቋጠረች ከረጢት፣ መሀሏ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። ዕድሜዬን ሙሉ ያየኋት ናት። እጄ እንዳልተሳሳተ ለማረጋገጥ ትከሻውን ሰነጠቅሁ፤ ሌላ ተገኘች።

«ኮሶ ነው» አልኩ።

ጋሼ ተፈራ ሻኛውን አዋዜ አስነክተው ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ነበር፤ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ከአሳማው ተጋብቶ ነው ወይ የሚል ነበር። አይደለም አልኳቸው። ከመንጠቆም፣ ከወለልም አይመጣም። በሬ ይህን የሚያገኘው ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳና ያ የነካውን ሣር ወይም ድርቆሽ ሲበላ ብቻ ነው። አሳማ እዚህ ውስጥ የለበትም።

አንዱ ሌላውን ማየት ጀመረ። እኔ በላይን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ጥሬ የሚባል ነገር እንዳይነካ አልኳቸው፤ ያገኘሁት ጥቂት ስለሆነ ሥጋው ከሥር እስከ ላይ በደንብ ከበሰለ ይበላል። መብሰሉ በምን ይታወቃል አሉ። የዳግ ብረት ትዝ አለኝና ጌታሁንን ሄደህ ተዋስ አልኩት። ጋሼ ተፈራ ተቆጡ፤ አሳማ ውስጥ የገባ ብረት ሥጋችን ውስጥ ሊገባ! ያን ያህል ነገር ከደረሰብን በኋላ እንኳ አሳማውን አልተዉትም። ጌታሁን ቸስተርሚር ሄዶ ለየቤቱ አዲስ አዲስ ገዝቶ መጣ። ዕጣው ተጣለ፣ ሰው መደቡን ይዞ ተበተነ። ጋሼ ተፈራ ሲሰናበቱኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አብስለን እንበላለን፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር፣ ልጁን አታጥፊው አሉኝ። እኔ ግን ልቡን በላስቲክ ጠቅልዬ በበረዶ ሣጥን ያዝኩት።

እሑድ

እንቁጣጣሽ። ቤተ ክርስቲያን አስቀድመን ስንመለስ ቤቱ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፤ ሰናይት ብረቱን እየሰካች ቁጥር ታነብልኛለች። በላይ ሳይጠራ መጣ። መኪናውን ከቤቱ ርቆ ፓርክ አድርጎ፣ በረንዳ ላይ እንድወጣለት ጠየቀኝ።

እየተንተባተበ ነገረኝ። ባለፈው ክረምት ቤተሰቡን ሊያይ አዲስ አበባ ሄዶ ሉካንዳ ቤት ጥሬ ሥጋ በልቷል። ከተመለሰ በኋላ የኮሶ ቁራጭ ከራሱ ሲወጣ አይቷል። አዲስ አበባ ቢሆን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጥ ነበር፤ እዚህ ዶክተር ማየት ያስፈልጋል፣ ዶክተሩ ደግሞ ወጣት ሴት ናት። ነገ እሄዳለሁ እያለ ቆየ። እርሻው ላይ ታዲያ የት ነበር የምትወጣው አልኩት። ከድርቆሹ ጀርባ አለኝ።

«የሊንዳ ቤት ክፍት ነው። በየቀኑ ግባ ይሉኛል። ግን እትዬ ሙሉነሽ፣ በጭቃ ቡት የሽማግሌ ሰው ምንጣፍ እየረገጥኩ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለዚያ ነገር ልግባ? እንዴት አድርጌ?»

ልቆጣው ተነስቼ ነበር። ግን ዓርብ ዕለት መኪናው ውስጥ እግሬን አቆላልፌ የመጣሁት እኔ ነኝ። ምን አፍ አለኝ? እኛ ክፉ ላለመባል፣ ደፋር ላለመባል ስንጠነቀቅ የሰውየውን መኖ በክለናል። ያደረገው ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ጨዋ ልሁን ብሎ ነው። አዘንኩለት፤ ለራሳችንም አዘንኩ።

ዳግ መስማት አለበት አልኩት። ራሱን ያዘ። ከሰማ የኪራይ ውሉን ያፈርሰዋል፣ መንግሥት ከሰማ ከብቶቹን ያግድበታል፣ የልጆቹ ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም ሳምንት ቆይቼ የምሄድ እንግዳ ነኝ። «ግን በላይ፣ ያንን ድርቆሽ የዳግ ላሞችም ይበሉታል» አልኩት። በመጨረሻ፣ ነገ አብረውኝ ይሂዱልኝ አለኝ።

ሰኞ

ወደ ተራራው ልንሄድ የነበረው በዚህ ቀን ነው። ጌታሁን መኪናውን ወደ ምሥራቅ ነዳው፤ ተራራው በመስታወቱ ውስጥ ወደ ኋላ ቀረ።

ሊንዳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። በላይ ራሱ ነው የተናገረው። እኔ ከበረዶ ሣጥኑ ልቡን አውጥቼ አሳየኋቸው። ዳግ አጎንብሶ ብዙ ጊዜ አየው። የሱም ላሞች በዚህ ወር ሊሸጡ ነበር። ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ድርቆሹ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። በላይ አለቀልኝ አለ በአማርኛ።

ዳግ ሲመለስ ስልኩንና የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ በላይ ፊት አስቀመጠ። ደውል አለው። ከዚያ የተናገረውን ጌታሁን ተረጎመልኝ።

«ከመጣህ ጀምሮ በሩ ክፍት ነበር። ለምን አልገባህም?»

ሊንዳ ተነስታ የሽንት ቤቱን በር ከፈተችና ወደ ግድግዳው ጠቆመችን። ከባልና ሚስቱ ነጭ ፎጣዎች ጎን አንድ አረንጓዴ ፎጣ ተሰቅሏል። በላይ ኪራይ የገባ ሰሞን ለሱ ብላ የሰቀለችው ነው። በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ታጥበዋለች፤ አንድም ቀን እርጥብ ሆኖ አላገኘችውም። አይወደንም ይሆናል ብዬ አስብ ነበር አለች። በላይ ይህን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ከዚያ ደወለ።

የመጣችው ሐኪም ወጣት ናት። ከመኪናዋ ሳትራመድ ቡቷን አጥባ ገባች፤ ስትወጣም አጥባ ወጣች። በላይን ስትጠይቀው ባልዲ ገልብጣ ከሱ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ነው። አልተቆጣችም፣ አፍንጫዋንም አልያዘችም። የያዝኩትን ልብ ለላቦራቶሪ ወሰደችና እንዴት እንደሰነጠቅሁት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ሁለታችንም ያንኑ ነገር በሁለት ቋንቋ እንደምናውቅ ስናይ ተሳሳቅን። ውሳኔው ግን ቀላል አልነበረም። የሁለቱም ከብቶች ምርመራ ወዳለበት ቄራ ካልሆነ በቀር ከእርሻው አይወጡም፤ ድርቆሹ ይወገዳል። የዳግ ሽያጭም ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት

በላይን ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ያቺ የፈራት ዶክተር ሳትስቅ፣ ሳታፍር ሰማችው፣ ናሙና ወሰደች፣ መድኃኒቱን ሰጠችው። በር ላይ፣ ይኼ ብቻ ነበር እንዴ አለኝ። አዎ፣ ይኼ ብቻ ነበር።

ጋሼ ተፈራ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጥተው ስልክ ዘጉብኝ። በማግሥቱ ራሳቸው ኮል አደረጉ። የቅርጫውን ሰው ሁሉ ሰብስበው፣ አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሁሉ ይመርመር፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አሉ። ለካ እሳቸውም ፋሲካን አዲስ አበባ ነው የዋሉት። ያን ሁሉ በረኪና ያስረጩ ሰው ኩባያ ይዘው ላቦራቶሪ ወረፋ ሲጠብቁ ማየት ከተራራው ይበልጥብኛል።

ዳግ ስለ ኪራዩ አንድም ቃል ሳይናገር ቀናት አለፉ። በላይ እንቅልፍ አጣ። አንድ ጠዋት ዳግ ደወለለት፤ የተናገረው መንሽህን ይዘህ ና የሚል ብቻ ነው። ድርቆሹን ሁለቱ አብረው ሲያወጡ ዋሉ። አዲሱን ድርቆሽ ዳግ ነው ያስመጣው፤ ከሱ ላሞችና ከበላይ ከብቶች መሀል እንደ ቀድሞው አንድ ላይ ተከመረ። ኪራዩ እንዳልፈረሰ በላይ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ቀን

ልሰናበታቸው ሄድኩ። ከብቶቹ ገና አልተለቀቁም፤ በላይ ልጆቹን መቼ እንደሚያመጣ አያውቅም፣ ምናልባት የሚቀጥለው ዓመት ይሆናል። ግን ሥራው ላይ ነው። ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም አለኝና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

ሊንዳ ድንችና በቆሎ ነው የቀቀለችው። ጾም አልነበረም፣ ሥጋም እንቁላልም እበላ ነበር፤ ድንች የምወድ መስሏት ነው። በላሁላት። ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ ጮክ ብዬ ሽንት ቤት ልጠቀም አልኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ከጫማዬ አጠገብ፣ ከሊንዳ የጓሮ ጫማ ጎን፣ ከትልቅ ቡት የረገፈ እርጥብ ጭቃ አለ፤ የማን እንደሆነ ልብ አላልኩም።

እጄን ታጠብኩና ለመጥረግ ዘወር አልኩ። አረንጓዴው ፎጣ ቦታው ላይ ነው። ነካሁት። እርጥብ ነበር።